አንድ ማሳ፣ ሦስት መሥሪያ ቤት፦ የሚያስማማቸው ምንድን ነው?

ጠያቂ (ዲኤ፣ ከአርሲ)
ሰላም ለሁላችሁ። ስንዴ አብቃይ ቀበሌ ውስጥ ዲኤ (የግብርና ልማት ሠራተኛ) ስሆን ይሄ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ሐምሌ ላይ ከምርምር ማዕከል መጡና አንድ ሽማግሌ ማሳ ላይ አዲስ ዝርያ ዘሩ። ነሐሴ ላይ ከዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ጥናት የመጣ ልጅ እኚህኑ ሰው ስለ ዝርያ አመራረጥ ጥያቄ ሲያዥጎደጉድባቸው ዋለ። የቆመው እዚያው የአዲሱ ዝርያ ማሳያ ዳር ነው። ማሳያው የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። መስከረም ላይ ወረዳው ማሳውን በኩታ ገጠም (ጎን ለጎን ያሉ ማሳዎች በአንድነት የሚታረሱበት) ሪፖርቱ ውስጥ አስገባው። ሦስቱንም መንገድ የመራሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው "ልጄ፣ እናንተ አትተዋወቁም እንዴ?" አሉኝ። አፈርኩ።

በሦስቱ መካከል አብሮ ለመሥራት የመግባቢያ ሰነድ ተፈርሟል ይባላል። ቀበሌ ድረስ ወርዶ ሲሠራ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ጡረተኛ መምህር
ልጄ፣ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። አለማያ የእርሻ ኮሌጅ (የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ) እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካኖቹ በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እገዛ ሲቋቋም ማስተማሩም፣ ምርምሩም፣ ኤክስቴንሽኑም (ገበሬውን ማማከሩም) አንድ ቤት ነበሩ። የደብረ ዘይቱ የምርምር ጣቢያ ራሱ የኮሌጁ ነበር። በ1963 ኤክስቴንሽኑ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ሄደ። በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ለብቻው ተቋቋመ። አልፈርድም፤ አንድ ኮሌጅ አገሩን ሁሉ አያዳርስም። ግን መለኪያውም አብሮ ተለያየ። ተመራማሪው በዝርያ ይመዘናል፣ መምህሩ ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንተ በሸፈንከው ሄክታር። ሰነዱን የሚፈራረሙት አለቆቹ ናቸው፤ መስክ ላይ የሚገናኙት ሹፌሮቹ።

የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ
ጋሼ ልክ ናቸው። እኔ ግን ትብብሩ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ሲመጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ መታው። ገበሬው ቢጫ ዋግ ወደሚቋቋመው ዲገሉ ወደተባለው ዝርያ ዞረ። በ2013 ደግሞ ዲገሉን ግንድ ዋግ ፈጀው። ያኔ ማንም ማንንም ደብዳቤ ጻፍልኝ አላለም። ዲኤው ቀድሞ ያያል፣ ናሙናው አምቦ ወዳለው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ሄዶ ዋጉ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለያል፣ ዘር አባዡ ምን ማባዛት እንዳለበት ያውቃል። አንዱ ያለ ሌላው አይንቀሳቀስም። ችግሩ በሽታው ሲያልፍ ስብሰባውም አብሮ ማለፉ ነው።

ወጣት መምህር
ያ ልጅ የኔ ተማሪ ሊሆን ይችል ነበር፣ ይቅርታ። እኛ ጋ አንድ ነገር ሞክረናል። ተማሪው ፕሮፖዛል ከመጻፉ በፊት ርዕሱን ከወረዳ ባለሙያ ጋር ይመርጣል፤ ሁለተኛው አማካሪው ከምርምር ማዕከል ይሆናል። ሁለት ተማሪ ላይ ሞከርነው። አንዱ ጥሩ ወጣለት። ሁለተኛው ግን ነዳጁን ማን ይሙላ፣ አበሉን ማን ይክፈል በሚል ክርክር አጨዳ አለፈበት። ስለዚህ ወንድሜ፣ ሰነድ ላይ "በትብብር" የሚል ቃል ካየህ መኪናው የማን እንደሆነ ጠይቅ።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የሹፌሮቹን ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። የተማሪውን ስልክ አፈላልጌ ልደውልለት ነው፤ አጨዳ ላይ ከምርምሮቹ ጋር አብሮ ይመዝን። ዛሬ ሽማግሌው ጋ ሄጄ ቁጥሩ ይኖራቸው እንደሆን ጠየቅኳቸው። አላቸው። የምርምሮቹም፣ የወረዳውም አላቸው፤ ሦስቱም በክብሪት ቀፎ ጀርባ ላይ ተጽፏል።