«ከሲያትል ወደ ዳላስ ልሂድ ወይ?»

ጥያቄ፦ ሲያትል ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ሬንቱ ምንም አላስተርፍ አለኝ። ዳላስ ያሉ ዘመዶቼ «ነይ፣ እዚህ ቤት ትገዣለሽ» ይሉኛል። የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬ እንጀራዬ የኢኮኖሚ ጥናት ነው። ከዚያ በፊት ግን እዚሁ ሲያትል ሆቴል ውስጥ ሳህን አጥቤያለሁ፤ የምልሽ ከሁለቱም ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ እጽፋቸዋለሁ።

ሁሉም ሂሳቡን የሚጀምረው ከሰዓት ክፍያ ነው። ሲያትል ዝቅተኛው ከ20 ዶላር በላይ ሆኗል፤ ዳላስ ያለችበት ቴክሳስ ከ2009 ጀምሮ ንቅንቅ ያላለው የፌዴራሉ 7.25 ነው ያለው። (ዳላስ ከተማ ከፍ ላድርገው ብትል እንኳ የስቴቱ ሕግ አይፈቅድላትም።) እዚያም ቢሆን በ7.25 የሚቀጥር ብዙ አታገኚም፤ ስለዚህ ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ የሚታየውን ያህል አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፦ ስንት ሰዓት ይሰጡሻል?

ሲያትል ክፍያውን ወደ 15 ለማድረስ የወሰነችው በ2014 ነው። በ2015 ለትልልቆቹ አሠሪዎች 11፣ በ2016 ደግሞ 13 ሆነ። ያኔ ሥራ አስኪያጃችን በየሳምንቱ የሚለጥፈው የሺፍት ወረቀት ላይ የእኔ ስም ከአምስት ቀን ወደ አራት ወረደ። ማንም አልተባረረም። አንዱ ሲለቅ ግን ቦታው ሳይተካ ቀረ፤ በሩ ላይ ሥራ ሊጠይቁ ለሚመጡትም «አሁን አንቀጥርም» ማለት የተለመደ ሆነ።

የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ያወጡት ጥናት ይህንኑ በቁጥር አየው፦ ክፍያው 13 ሲደርስ የዝቅተኛ ተከፋዮች የሥራ ሰዓት 9 በመቶ ገደማ ቀነሰ፣ የሰዓት ክፍያቸው የጨመረው ግን 3 በመቶ ገደማ ነው። በአማካይ በወር 125 ዶላር ጎደለባቸው። በዚያው ሰሞን የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምግብ ቤቶችን ብቻ አጥንተው «ደመወዝ ጨመረ፣ ሥራ አልቀነሰም» አሉ። የመጀመሪያው ጥናት ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸውን ድርጅቶች አላስገባም፤ ሁለተኛው ከምግብ ቤት አልወጣም። ሰው የሚወደውን ይዞ ይከራከራል።

ለእኛ የሚጠቅመው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዎቹ በ2018 ያወጡት ተከታይ ጥናት ነው፤ እሱን ግን ማንም አያነሳውም። ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ተጠቅመዋል። ከጥቅሙ አንድ አራተኛ ያህሉ ግን የመጣው ከተማዋ ውስጥ የተቆረጠባቸውን ሰዓት ከከተማዋ ውጭ ሠርተው ስለሞሉ ነው። አዲስ ወደ ሥራ የሚገባው ሰው ቁጥር ደግሞ ቀነሰ። ውስጥ ላለው ወንበሩ ተመቸው፣ ውጭ ለቆመው በሩ ጠበበ ማለት ነው። አንቺ ሦስት ዓመት ሠርተሽ ውስጥ ገብተሻል። ዳላስ ስትሄጂ እንደገና በር ላይ ትቆሚያለሽ።

የቤቱ ነገር እውነት ነው፣ አልክድም። ሲያትል ከመኖሪያ መሬቷ ሦስት አራተኛ ያህሉን ለረጅም ዘመን ለአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ ከልላ ኖራለች፤ የቴክኖሎጂ ድርጅቶቹ ሰው ሲያጎርፉ ቤቱ የዚያን ያህል አልጨመረም። ስቴቱ ይህን የሚያላላ ሕግ ያወጣው ገና በ2023 ነው። ዳላስ ዙሪያ መሬቱም ሰፊ ነው፣ ፈቃዱም ቶሎ ይወጣል።

ከዳላስ፦ ከሲያትል ከመጣሁ አምስት ዓመቴ ነው። ቤት ገዝቻለሁ፣ ተመስገን። ግን የፕሮፐርቲ ታክሱ ደብዳቤ ሲመጣ የሞርጌጁ ክፍያ እንዴት እንደሚያብጥ ማንም አልነገረኝም ነበር። ሁለት መኪናም ግድ ሆነ። ከሁሉ የከበደን ኢንሹራንሱ ነው። ልጆቹ ተሸፈኑ፤ ባለቤቴ ሥራ ስታቆም እኔና እሷ ባዶ እጃችንን ቀረን።

መልስ፦ ወንድሜ ጥሩ አነሳህልኝ። ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ስቴት በ2014 ሜዲኬይድን፣ ማለትም የመንግሥቱን የጤና ኢንሹራንስ፣ ለዝቅተኛ ገቢ ጎልማሶች አስፍታለች፤ ቴክሳስ እስካሁን አላሰፋችም። ከ2020 ጀምሮም እዚህ ስትወልጂ ወይም ቤተሰብ ሲታመም ክፍያ ያለው ፈቃድ አለ። ሁለቱም ስቴቶች ከደመወዝ የገቢ ታክስ አይቆርጡም፤ ዋሽንግተን የምትቆርጠን ሱቅ ውስጥ ነው፣ ሲያትል ሴልስ ታክሱ ከ10 በመቶ በላይ ነው። ከዚያ ላይ ጥቂት የሚመልስ ገንዘብ (ወርኪንግ ፋሚሊስ ታክስ ክሬዲት የሚሉት) በ2023 ተጀምሯል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ልጅ ላለው እስከ 900 ዶላር ነበር። ከፌዴራሉ ታክስ ጋር አብሮ አይመጣም፣ ለብቻው ይጠየቃል፤ ብዙ ወገን የሚቀርበት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሴክሽን ኤይት ቫውቸር፣ ማለትም መንግሥት ከኪራይሽ ከፊሉን የሚከፍልበት ድጋፍ፣ ካለሽ ከስቴት ሳትወጪ ሰፈር መቀየርም አለ። የኢኮኖሚ ተመራማሪው የራጅ ቼቲ ቡድን ሲያትልና ኪንግ ካውንቲ ውስጥ ባደረገው ሙከራ ባለቫውቸሮች ቤት ፈላጊ ረዳትና ለዲፖዚት የሚሆን ድጋፍ ሲያገኙ፣ ለልጅ ወደሚሻል ሰፈር የገቡት ቤተሰቦች ከ15 ወደ 53 በመቶ ዘልለዋል። ገንዘቡ ብቻውን አልነበረም፤ ከአከራይ ጋር የሚነጋገርላቸው ሰው ነው ያስገባቸው።

እስቲ ያለፉትን ሦስት ወር ቼኮችሽን አውጥተሽ የሠራሽውን ሰዓት ደምሪና ንገሪኝ። ዘመዶችሽንም ስለ ቤቱ ሳይሆን ባለፈው ወር ስንት ሰዓት እንደሠሩና ኢንሹራንሳቸው ከየት እንደሆነ ጠይቂልኝ። ከዚያ አብረን እንደምራለን።