የትራያንግል ስትራቴጂ ዴሞ፦ ጓዶቼን ማሳመን አቃተኝ

ሰላም፣ ትራያንግል ስትራቴጂ የሚባለውን በተራ የሚዋጉበት የስልት ጌም የምታውቁ እባካችሁ አግዙኝ። ነፃውን ዴሞ (የመሞከሪያ ክፍሉን) በኒንቴንዶ ስዊች ላይ እየተጫወትኩ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ተጣብቄአለሁ።

በጌሙ ውስጥ ካሉት አገሮች ወደ ኤስፍሮስት ወይስ ወደ ሃይዛንቴ እንሂድ የሚለውን የሚወስነው የጓዶቹ ድምፅ ነው። መራጮቹ 7 ናቸው። መሪው ሴሬኖዋ ግን ድምፅ የለውም፤ ማግባባት ብቻ ነው የተፈቀደለት። እኔ ኤስፍሮስትን ማየት እፈልጋለሁ። አንድ በአንድ ለመንኳቸው፣ ድምፅ የሚሰጥበት ሚዛን ግን በቀጥታ ወደ ሃይዛንቴ አጋደለ! ከድምፁ በፊት አካባቢውን እየዞርኩ ሰዎችን ማነጋገር ነበረብኝ መሰለኝ፤ እኔ ግን ቸኩዬ አለፍኩት። የሚሰበሰበው መረጃ አዲስ የንግግር ምርጫ ይከፍታል አይደል? ታዲያ ማንን ላነጋግር? ለማሳመን የሚቀለውስ የትኛው ጓድ ነው? ከመራጮቹ አንዱ በሆነው በቤኔዲክት ተስፋ ቆርጫለሁ።

ውጊያውም ቢሆን ገና አልገባኝም። ከጀርባ መምታትና ጠላትን ከሁለት ወገን መክበብ ትልቅ ጥቅም እንዳለው የገባኝ ሁለቴ ከተሸነፍኩ በኋላ ነው (ደግነቱ ብሸነፍም ያገኘሁት ልምድ አይጠፋም)። ቀስተኛዋን ሂዩኤትን ከፍታ ላይ ሳቆማት ርቃ ትመታለች፤ ፈዋሿ ጊላ ግን ሁልጊዜ ቀድማ ትወድቅብኛለች። ከኋላ ባቆማትም ጠላት ዞሮ ይደርስባታል። ጋሻ ያዡን ኤራዶርን አጠገቧ ላድርገው ወይስ ጠባቡን መተላለፊያ ይዝጋልኝ?

መጀመሪያ ላይ ወሬው በዝቶብኝ ልተወው ነበር፤ አሁን ግን ይዞኛል። ዴሞው ላይ ያስቀመጥኩት ጨዋታ (ሴቭ) ወደ ሙሉው ጌም ስለሚሻገር ምርጫውን በስህተት ማለፍ አልፈልግም። ታሪኩን ሳታበላሹብኝ መንገዱን ብቻ ጠቁሙኝ።