የታደሰ ኤምአርአይ፦ ዲጂታል ወይስ አናሎግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። ለክፍላችን የታደሰ ኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳ ማሽን) ልንገዛ ነው፤ የማግኔቱ ጉልበት 1.5 ቴስላ ነው። ከፊሊፕስ ሞዴሎች አንድ አናሎግ አቺቫና አንድ ዲጂታል ኢንጂኒያ ቀርበውልናል። ሻጩ «ዲጂታሉ ይጠራል» ከማለት ያለፈ አላስረዳኝም። 11 ዓመት የሠራሁት በአናሎግ ብቻ ነው። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

መላሽ 1፦ ሁለቱም 1.5 ቴስላ ናቸው፤ ልዩነቱ ሲግናሉ ወደ ቁጥር የሚለወጥበት ቦታ ነው። በአናሎጉ ከኮይሉ (ከሰውነት ሲግናል ከሚቀበለው አንቴና) የወጣው ደካማ ሲግናል በመዳብ ኬብል ከማግኔቱ ክፍል ወጥቶ የኤሌክትሮኒክስ ካቢኔቱ ጋ ሲደርስ ይለወጣል፤ መንገድ ላይ ይዳከማል፣ ጫጫታም ይለብሳል። ኢንጂኒያው እዚያው ኮይሉ ላይ ለውጦ በፋይበር ኦፕቲክ ይልከዋል። ትርፉ እሱ ነው።

ግን እባክህ ከስሙ በፊት ኮይሎቹን እይ። እኔ የተከልኩት አንድ የታደሰ ማሽን የጉልበት ኮይሉ አንድ ቻናል (ከሲግናል መቀበያ መስመሮቹ አንዱ) ሞቶ ነበር። ፋንተም (በሰው ፈንታ ለፍተሻ የሚነሳ ዕቃ) ስናነሳ የምስሉ አንድ ጥግ ጠቆረ። ከሻጩ በመጣው ሪፖርት ላይ ስለ ኮይል አንዲት መስመር አልነበረችም፤ አምኜ በመፈረሜ እስካሁን ይቆጨኛል። ማሽኑ ሳይነቀል እዚያው እንዳለ እያንዳንዱን ኮይል፣ ቻናል በቻናል አስፈትሽ።

መላሽ 2፦ ማግኔቱን የሚያቀዘቅዘውን የፈሳሽ ሂሊየም መጠንና ሂሊየሙን ቀዝቃዛ አድርጎ የሚያቆየውን የኮልድ ሄድ ዕድሜም ጠይቅ። ኮልድ ሄዱ ከደከመ ሂሊየሙ ይተናል፤ ዲጂታል መሆኑ ከዚህ አያድነውም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የኮይል ፍተሻውን ውሉ ላይ አስገባዋለሁ። ኢንጂኒያው የአከርካሪ ኮይሉ ጠረጴዛው ውስጥ ነው አሉኝ፤ እሱስ እንዴት ይፈተሻል?

መላሽ 1፦ ፋንተሙን ጠረጴዛው ላይ አጋድመህ ከአንገት እስከ ወገብ ደረጃ በደረጃ እያንቀሳቀስክ አንሳ።