«ጉልት ብሎ ፈታው»፦ የራይናልድ ትርጉም ትክክል ነው?

የራይን ማዶ፦ ሰላም ለቤቱ። ኮሎኝ ካቴድራልን ለሚጎበኙ ያገሬ ልጆች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። «የኮሎኙ ሊቀ ጳጳስ ራይናልድ በ1157 (እ.ኤ.አ.) ቤዛንሶን ላይ የፖፑን ደብዳቤ ለመሳፍንቱ ሲያሰማ ቤኔፊሲየም የሚለውን የላቲን ቃል ጉልት ብሎ ፈታው።» ይቺ «ፈታው» አልጣመችኝም። «ተረጎመው» ይሻላል ወይስ «መለሰው»?

ፊደል ለቃሚ፦ ከ«ፈታው» በፊት «ሊቀ ጳጳስ» ይስተካከል። ያን ጊዜ የንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ ቻንስለር ነበር፤ በኛ ወግ ጸሐፌ ትእዛዝ በለው። ለኮሎኝ መንበር የተመረጠው በ1159 ነው። ጵጵስናውን የተቀባው ደግሞ በ1165።

ቆሎ ተማሪ፦ እስከዚያ ሳይቀባ? ሰውዬው መንበሩን እንጂ ቅዳሴውን አልፈለገውም ማለት ነው 😄

ዘዋሸራ፦ ዋሸራ ቅኔ ቆጥሬአለሁ፤ «ፈታ» ምንም አላጠፋም። ያጠፋው «ጉልት» ነው። ቤኔፊሲየም በጎ እና ሥራ ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገጠመ ነው። በግእዝ «ሠናይ ግብር»። አለቀ።

ፊደል ለቃሚ፦ መሪጌታ፣ እርስዎ ያሉትን ፖፑ ራሱ ብሎታል። ሐድርያን አራተኛ ነገሩ ሲከርበት በ1158 ሌላ ደብዳቤ ላከ። «ከቦኖ እና ከፋክቶ የመጣ ነው፤ በጎ ሥራ ማለቴ እንጂ ጉልት ማለቴ አይደለም» አለ። ግን ቃል በሥሩ ብቻ አይፈታም። በዚያ ዘመን ቤኔፊሲየም ሲባል አንድ መስፍን ወዲያው የሚገባው ጌታ ለሎሌው የሚሰጠው መሬት ነው። ራይናልድም እሱኑ ነው በጀርመንኛ ያለው።

እንኮዬ፦ ታሪኩን ለማናውቀው?

ፊደል ለቃሚ፦ እሺ እንኮዬ። የሉንዱ ሊቀ ጳጳስ እስኪል ከሮም ሲመለስ መንገድ ላይ ተያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ዝም አለ። ፖፑ በካርዲናል ሮላንድና በጓደኛው እጅ የወቀሳ ደብዳቤ ላከ። እግረ መንገዱን «ዘውዱን ሰጥተንሃል፤ ከዚህ የበለጠ ቤኔፊሲየም ብንሰጥህም ባልቆጨን» ይላል። ራይናልድ ይህን በአደባባይ «ጉልት» ሲለው መሳፍንቱ ተነሡ። ንጉሠ ነገሥታችን የፖፑ ሎሌ ነው ወይ? ከመልእክተኞቹ አንዱ «ታዲያ ከፖፑ ካላገኘው ከማን አገኘው?» ብሎ እሳቱ ላይ ቅቤ ጨመረ። የባቫሪያው ኦቶ ሰይፍ ይዞ ተነሣበት። መልእክተኛውን ከሞት ያተረፈው ፍሬድሪክ ነው።

ቆሎ ተማሪ፦ አንድ ቃል ላይ ሰይፍ! እዚህ ቤት ቢሆን ሁላችንም አልቀን ነበር።

ዘዋሸራ፦ እንግዲያው ራይናልድ አውቆ አጣሟል። ተንኮል ነው።

ፊደል ለቃሚ፦ ዜና መዋዕሉን የጻፈው ራሄቪን «በበቂ ታማኝነት ተርጉሟል» ነው የሚለው። ደግሞ መሳፍንቱ ያለ ምክንያት አልተጠራጠሩም። ሮም በላተራን ቤተ መንግሥት ቀዳሚው ንጉሠ ነገሥት ሎታር «የፖፑ ሰው ሆነ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሥዕል ነበር።

የራይን ማዶ፦ አመሰግናለሁ። «ተረጎመው» ወይስ «መለሰው»?

አፈ ጉልት፦ በጉልት ጉዳይ ዝም ማለት ስለማልችል ገባሁ። ጉልት ከ«ጎለተ» ነው፤ ጉልቻም ከዚያው። የተጎለተን የጎለተው ሰው ሲፈልግ ያነሣዋል። ርስት ግን የአባት ነው፣ አይነቀልም። ፍሬድሪክ ዘውዱን እንደ ርስት የማይነቀል አድርጎ ያዘ፤ የፖፑ ቃል ግን ጉልት አስመሰለው። ራይናልድ አንድ ቃል መርጦ ፀቡን ሁሉ አሳየ።

ቆሎ ተማሪ፦ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም!

እንኮዬ፦ ጉልት ላይ ሽንኩርት የሚሸጡት እናቶችስ ከዚሁ ናቸው?

አፈ ጉልት፦ በደንብ! ተጎልተው ስለሚውሉ።

ዘዋሸራ፦ ይሄ ሥር አይደለም፣ ቀልድ ነው።

እንኮዬ፦ እኔ ግን «ሀብት» እላለሁ። በግእዝ ስጦታ ነው፣ ከ«ወሀበ»፤ ሀብተ መንፈስ ቅዱስ እንደምንለው። በአማርኛ ደግሞ ንብረት። ፖፑ በግእዝ ተናገረ፣ መሳፍንቱ በአማርኛ ሰሙ ማለት ነው። ደግሞ መሪጌታ «ሠናይ ግብር» ያሉትን እዚህ ብናነብ «ደግ ታክስ» ነው የሚመስለን።

ቆሎ ተማሪ፦ ደግ ታክስ የት አገር ነው ያለው? ሻንጣዬን ላሰናዳ።

ዘዋሸራ፦ እንኮዬ፣ ይቺን እቀበላለሁ። ራይናልድን ግን አልምርም። በ1165 ቩርትስቡርግ ላይ ሮላንድን፣ ያን ጊዜ ፖፕ አሌክሳንደር ሦስተኛ የሆነውን፣ ለዘላለም አንቀበልም ብለው መሳፍንቱና ጳጳሳቱ እንዲምሉ የገፋው እሱ ነው። ሊቀ ጳጳስ ይሄን ያደርጋል?

ፊደል ለቃሚ፦ አደረገ። ጦርም መርቷል። በ1167 ሮም አጠገብ በወረርሽኝ እስኪሞት ድረስ ኢጣሊያ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ እጅ እሱ ነበር። ሚላን በ1162 ከፈረሰች በኋላ የሰብአ ሰገል የሚባለውን ዐፅም አስነሥቶ በ1164 ኮሎኝ አስገባ። የራይን ማዶ እንግዶችም ካቴድራሉ ውስጥ የሚያዩት የወርቅ ሣጥን ለዚያ ዐፅም የተሠራ ነው።

አፈ ጉልት፦ ቆይ፣ «ሰገል» ግን ጥንቆላ ነው ወይስ የአገር ስም?

ዘዋሸራ፦ ጥንቆላ ነው። ኮከብ ቆጠራ።

አፈ ጉልት፦ እኔ ግን አገር ነው የሚል ሐሳብ አለኝ፤ ላስረዳ…