መንገድ ዳር በሚያድር ዶልፊን ሚኒባስ ውስጥ የሥራ ዕቃ እንዴት ይጠበቃል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለቧንቧና ለኤሌክትሪክ ሥራ የምንጠቀምበት ዶልፊን አለን። የኋላ ወንበሩ ወጥቷል፤ ትራፓኖ (መብሻ)፣ ግራይንደርና የቧንቧ ማጣበቂያ ማሽን እንጭንበታለን። ማታ ማታ መንገድ ዳር ነው የሚያድረው። ሳጥን ይሻላል ወይስ አላርም? ሳጥን ከሆነስ ስንት ሚሊ ላሜራ?

በያጁ፦ ሳጥን ይቅደም። አላርም ሰው ይቀሰቅስ ይሆናል እንጂ ዕቃ አይዝም። ለ100×60×50 ሳንቲም ሳጥን 1×2 ሜትር የሆነ ባለ 2 ሚሊ ላሜራ ሁለት፣ ባለ 30 ሚሊ አንግል (ኤል ቅርጽ ብረት) ሁለት ቤርጋ (ሙሉ ዘንግ) ይበቃል። ባዶውን 55 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ 1 ሚሊው ይረክሳል ግን በመፈንቀያ ብረት ይጣመማል፣ አትግዙት።

የክዳኑ ጠርዝ 3 ሳንቲም ወደ ታች ይታጠፍ፤ አለዚያ ካቻቢቴ ይገባበታል። ክዳኑን ከሳጥኑ ጋር የሚያያይዘው ማጠፊያ ከውስጥ ይሁን፤ ውጭ ከሆነ ፒኑን መትተው ያወጡታል። ጓጉንቸሩን እጅ ብቻ በሚያስገባ የላሜራ ኪስ ውስጥ ቅበሩት፣ መቁረጫ አፉን የሚከፍትበት ቦታ እንዳያገኝ። ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ከወለሉ ጋር በአራት ባለ 10 ሚሊ ቡሎን እሰሩት። ሮንዴላ ብቻውን አይበቃም፤ የመኪናው ወለል ስስ ስለሆነ ሲፈነቀል ቡሎኑ ቀዶት ይወጣል። ከወለሉ ሥር ለየቡሎኑ 10×10 ሳንቲም ባለ 4 ሚሊ ላሜራ አድርጉ፣ የቡሎኑ ራስ ላሜራው ላይ ይበየድ፣ ዳዶው ሳጥኑ ውስጥ ይቅር።

ጋራዥ፦ ከመብሳታችሁ በፊት ከሥር ገብታችሁ የነዳጅ ታንከሩን፣ የፍሬን ቱቦውንና ሽቦውን እዩ። ብየዳው መኪናው ላይ አይሁን፣ ውጭ ተጨርሶ ይግባ። የተበሳውን ጠርዝ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) ካልቀባችሁት በክረምት ዝገት ይበላዋል።

ጠያቂ፦ በያጁ እናመሰግናለን። ሳጥን ውስጥ የማይገባው ረጅም ዕቃና የኬብል ጥቅሉስ?

ሹፌር፦ እሱ የመኪናው አቋቋም ላይ ነው። የኋላው በር ወደ ላይ ስለሚከፈት ቂጡን ግድግዳ ካስጠጋችሁት አይነሳም። ተንሸራታቹንም በር ወደ አጥር አዙሩ። በጎማ የተያዘ መስታወት ግን ጎማው ተቆርጦ ያለ ድምፅ ይወጣል፤ ከውስጥ ፍርግርግ አሠሩለት። በሪሞት ስትቆልፉ እጀታውን በእጃችሁ ሞክሩ፣ ሲግናል የሚያፍኑ አሉ።

ኤሌክትሪሻን፦ ባትሪ ግራይንደራችሁን ከሳጥኑ ውጭ እንዳትተዉት፣ ሳጥኑ የሚቆረጠው በእሱ ነው። የየማሽኑን ሴሪያል ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ። ፖሊስ ጋ «አንድ ሰማያዊ ትራፓኖ» ብሎ ማመልከት ዋጋ የለውም። ስልክ ቁጥራችሁን ፕላስቲኩ ላይ በጋለ ብረት ጻፉ፤ ቀለም በቤንዚን ይጠፋል።

በያጁ፦ የኢንሹራንሱንም ውል እዩት። የመኪናው ኢንሹራንስ ውስጡ ያለውን መሣሪያ ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፣ ለብቻ መመዝገብ አለበት።