ለፍቅረኞች ቀን ካርድ በእጅ ለሚሠሩ፦ ወረቀቱንና ማጣበቂያውን ከየት መግዛት ይሻላል?

ለጠያቂዋ እኅታችን፣ ገንዘብዎን ከጌጣጌጡ ይልቅ ለወረቀቱና ለማጣበቂያው ቢያውሉት ይሻላል እላለሁ፤ ብልጭልጩ ቢቀር ካርዱ አይጎድልበትም፣ ወረቀቱ ከሳሳ ግን ምንም ቢደረግለት ቀጥ ብሎ አይቆምም። ለፎቶ ኮፒ የምንጠቀምበት ተራ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ስለሆነ ለካርድ አይበቃም፤ ከ200 እስከ 250 ግራም የሆነውን ደረቅ ወረቀት ብለው ይጠይቁ። አንድ ሉክ ኤ4 ለሁለት ተቆርጦ እያንዳንዱ ሲታጠፍ 105 በ148 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ካርዶች ይወጡታል፤ ለእነዚህም 114 በ162 ሚሊ ሜትር የሆነው ፖስታ ልክ ነው።

ለአንድና ለሁለት ካርድ ብሎ መርካቶ መውረድ ድካም ነው። የሰፈር የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የቀለም ምርጫው ውስን ቢሆንም በሉክ ይሸጥልዎታል፤ መርካቶ የሚያዋጣው በፓኬት ለሚገዛ፣ ማለትም ለክፍል ተማሪዎች ወይም ለሽያጭ ለሚሠራ ሰው ነው። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ ያሉትን የፎቶ ኮፒ ቤቶች የምመርጠው ለመቁረጫቸው ነው፤ ጠርዙ በመቀስ ከተቆረጠው ይልቅ የተስተካከለ ይሆናል። ደብተር የምንለብድበት ቡናማ ወረቀትም ርካሽ ነው፤ በደረቁ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ቀይ ልብ ሲያርፍበት እጅግ ያምራል።

ከማጣበቂያ ለወረቀት የምመክረው በእጅ ተይዞ የሚቀባውን ደረቁን ስቲክ ነው፤ ነጩ ኮላ ውኃ ስላለው ስስ ወረቀትን ያሸበሽበዋል። ሆኖም ሽሮ ሜዳ ካሉ ሰፊዎች ከቀሚስ የተረፈ የጥለት ቁርጥራጭ አግኝተው በካርዱ ጠርዝ ላይ ሊለጥፉ ካሰቡ፣ ጨርቁን አጥብቆ የሚይዘው ኮላው ነው፤ በስሱ ቀብተው ከባድ መጽሐፍ ይጫኑበት። እኔ ከማንኛውም የሱቅ ጌጥ ይህን ጥለት አስበልጣለሁ።

ደረቅ ወረቀት እንዲሁ ሲታጠፍ እጥፋቱ ይሰነጠቅና በባለቀለሙ ላይ ነጭ ጭረት ይታያል። ስለዚህ ማስመሪያ አስደግፈው ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ጫን ብለው ያስምሩ፣ ከዚያም ያጥፉ፤ እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ ቢያሹት ደግሞ ይበልጥ ይተኛል። ልቡን ለመቁረጥ ቀዩን ወረቀት ለሁለት አጥፈው፣ ግማሹን ልብ ከእጥፋቱ አስነሥተው በእርሳስ ከሣሉ በኋላ ይቁረጡ፤ ሲዘረጋ ሁለቱ ጎኖች እኩል ይሆናሉ።

ዕለቱ ብዙውን ጊዜ የካቲት 7 ስለሚውል ዕቃውን በጥር መጨረሻ ቢገዙ ተረጋግተው ይሠራሉ። ጽሑፉን ግን ልቡንና ጥለቱን ከመለጠፍዎ በፊት ይጻፉት፤ ፊደል ቢበላሽ የሚባክነው ግማሽ ሉክ ወረቀት ብቻ ይሆናል።