በሃምሳው ብቻዬን ሐረር፦ ስጋ ለማልበላ ሰው ምን ይገኛል?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ስጋ ካቆምኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። ዓሳም አልበላም፤ እንቁላልና ወተት ግን እበላለሁ። ከሚቀጥለው ሐሙስ እስከ እሑድ ብቻዬን ሐረር ልሄድ አስቤያለሁ። ከከተማ ስወጣ ሁልጊዜ ረቡዕንና ዓርብን አስታክኬ ነው፤ የትም ብገባ በያይነቱ አላጣማ። አሁን ግን ሃምሳው ገና ስላልወጣ ረቡዕም ዓርብም ፍስክ ነው። አምና በዚሁ ወቅት ሌላ ከተማ ሄጄ "ሽሮ አለ" ተባልኩና ግማሹን ከበላሁ በኋላ የስጋ ቁራጭ አገኘሁበት። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን በዳቦና በሙዝ አለፍኩ። ጉዞዬ እንደገና እንዲበላሽብኝ አልፈልግም። ምን ልብላ? የት ልደር? መንገዱስ እንዴት ነው?

የድሬ ልጅ፦
በአውሮፕላን ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚቀር በሚኒባስ ደንገጎን ወጥተሽ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፈሽ ትገቢያለሽ። ባቡሩ ቀንሽን ይበላል፤ ጣቢያውም ከድሬ ወጣ ያለ ስለሆነ ከመሸ ከደረስሽ እዚያው ድሬ እደሪ። ሹራብ ያዢ፤ ድሬ ቢሞቅም ሐረር ማታ ይቀዘቅዛል። ደግሞ ድሬ ላይ ፉል ወይም ፈጢራ በማር ሳትበዪ እንዳትነሺ!

ወጥ ቤት የሠራሁ፦
እህቴ፣ የአምናው ነገር እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። አሥራ ሁለት ዓመት ምግብ ቤት አብስያለሁ። እኔ በሠራሁባቸው ቤቶች በጾም ቀን የሽሮው ቁሌት ለብቻው በዘይት ይጣላል። በፍስክ ግን አንድ ትልቅ ቁሌት በቅቤ ይቁላላና ለሁሉም ወጥ ከዚያው ይቀዳል፤ ጭልፋውም አንድ ነው። አስተናጋጁ "ስጋ የለውም" ሲልሽ እየዋሸሽ አይደለም፤ እሱ የሚያስበው ቁራጩን ነው። ስለዚህ ወጥ ቤቷን ራሷን አነጋግሪያት፤ ቅር አይላትም። ከሁሉም የሚሻልሽ ተጋቢኖ ነው፤ ለአንድ ሰው በየሸክላው ስለሚሠራ "ቦዘና አይሁን፣ ቁሌቱም አዲስ ይሁን" ማለት ትችያለሽ። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ጎራ ብለሽ ለምሳ ካዘዝሽ ጊዜ ኖሯት በደንብ ትሠራልሻለች። 7 ሰዓት ላይ ግርግሩ መሃል ከመጣሽ ግን ያለውን ነው የምትበዪው። ፓስታ ስታዢም ስጎው በስጋ መሠራት አለመሠራቱን ጠይቂ።

ተጓዥ፦
እኔ "ሐኪም ከልክሎኝ ነው" እላለሁ፤ ያኔ ሁሉም ይጠነቀቃል።

እማማ፦
ልጄ፣ በሌለ በሽታ ራስሽን አትጥሪ። "ስጋ አልበላም" በይ፤ ለምን ካሉሽም እውነቱን ንገሪያቸው። ያገራችን ሰው የጾመኛን ነገር ያውቃል፤ ያከብርሻል። በሶና ቆሎ ከቦርሳሽ አይጥፋ። በሶ በውኃና በትንሽ ማር ከተበጠበጠ እራት ነው።

ጁገል ያደግኩ፦
እማማ ልክ ብለዋል። ስለ ሐረር ግን ሁላችሁም የዘነጋችሁት ነገር አለ። ጁገል፣ ማለትም በግንብ በታጠረው የድሮው ከተማ ውስጥ የሚበዛው ሙስሊም ስለሆነ የጾምና የፍስክ ክፍፍሉ እንደ አዲስ አበባ አይደለም፤ ሃምሳው የሚያመጣብሽ ለውጥ ትንሽ ነው። በያይነቱ የሚሠሩት ቤቶች ከግንቡ ውጪ በአዲሱ ከተማ ይበዛሉ፤ ሃምሳው የሚያስቸግርሽ እዚያ ነው። ቁርስሽን ጠንከር አድርጊ፦ ፉል፣ እንቁላል፣ ፈጢራ። ሳምቡሳ ስትገዢ "የምስር ነው?" ብለሽ ጠይቂ፤ የስጋውና የምስሩ መልካቸው አንድ ነው። ሁልበት መረቅ ቢያቀርቡልሽ ደግሞ አብሹን አይተሽ አትታለዪ፤ መረቁ የስጋ ነው። ፍራፍሬ በሽ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቃምበት ስለሆነ ከተማው ይቀዘቅዛል፤ ምሳሽን አታዘግዪ።

ማደሪያ ካልሽ፣ ጁገል ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉ ጌይ ጋር የሚባሉ የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች አሉ። ግቢው የቤተሰብ ነው፤ ነደባው (ከፍ ያለው መቀመጫ መደብ) ላይ ከቤቱ እመቤት ጋር ቁጭ ብለሽ ቡና ትጠጫለሽ። ብቻዋን ለመጣች ሴት ከሆቴል እኔ እሱን እመርጣለሁ። ስትደውዪ ስለ ምግቡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እማማ፣ ምክርዎን ሰምቻለሁ፤ በሶ አስፈጫለሁ። አንድ የቀረኝ፦ የጅቦቹን ነገር ማየት እፈልጋለሁ፤ ግን ስጋ በእጄ መያዝ አልችልም።

ጁገል ያደግኩ፦
መያዝ የለብሽም። ከመሸ በኋላ ከግንቡ ውጪ ጅቦቹን የሚመግበው ሰው ራሱ ነው የሚሰጣቸው፤ አንቺ ራቅ ብለሽ ማየት ነው። ብቻሽን ግን አትሂጂ፤ ያረፍሽበት ቤት አስጎብኚም ባጃጅም ያገኝልሻል፤ ባጃጁ ቆሞ ይጠብቅሽ። ደግሞ ይኼን ብነግርሽ ደስ ይልሻል፦ በዓሹራ፣ ሙሐረም 10 ቀን፣ ለጅቦቹ የሚቀርበው ስጋ ሳይሆን ገንፎ በቅቤ ነው።

የድሬ ልጅ፦
ስትመለሺ የእሑዱን በረራ ከሰዓት አድርጊው። ጠዋት ከሐረር ስትወጪ መንገዱ ላይ ሊያቆይሽ ይችላል።

ጠያቂ፦
የከሰዓቱን ያዝኩ። ለማረፊያውም ደውዬ "ስጋ አልበላም" ብዬ ስነግራቸው ሴትየዋ "ምስር ትወጃለሽ?" አለችኝ።